ልዩ ምልክት

«ልዩ ምልክት የሚል አለ እዚህ ላይ» አለ ውበቱ፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የተላከው ጸሐፊ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። «ጅዳ ያለው ቆንስላ ጽፎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል የመጣ ነው። በሟቹ ቀኝ ክንድ ላይ የተነቀሰ መስቀል አለ ይላል።»

ማናዬ የያዘችውን የውሃ ጣሳ መሬት አስቀመጠች።

ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የጎረቤቷ የዘይቱና ልጅ እንድሪስ ጅዳ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ሞተ የሚል መርዶ ከመጣ ወዲህ ማናዬ ከእናቱ ጎን አልተነሳችም። ለቀስተኞቹ ለሶላት ወጥተዋል። ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ እናቶችና ጸሐፊው ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ምን ሁኚ ነው የሚሉኝ ጌታው?» አለች ዘይቱና።

«ፓስፖርቱ እንድሪስ ይላል፤ የወጣውም ለሐጅ ነው። ሆስፒታሉ መስቀሉን አይቶ ከሙስሊም ጋር አይቀበርም ብሏል። እናቱ ልጄ ነው ብለው ካልፈረሙ ሬሳው ከማቀዝቀዣ አይወጣም። አይደለም ካሉ ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሰው ፓስፖርት የወጣው ማነው፣ ባለፓስፖርቱስ የት አለ ተብሎ ይጣራል።»

ማናዬ ያንን ክንድ ታውቀዋለች። ሲነቀስ ልጇ ታመነ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለግሸን ማርያም ሲወጡ መንገድ ዳር ከተቀመጠች ነቃሽ ፊት አስቀምጣ፣ «ወንድ አይደለህ?» ብላ ክንዱን አጥብቃ ያዘችው። አላለቀሰም። ሲመለሱ እንድሪስ ቀንቶ በራሱ ክንድ ላይ በከሰል መስቀል ሣለ፤ ዘይቱናም እየሳቀች በሳሙና አሸችው።

ባለፈው ዓመት ታመነ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ሁለቱም ተያይዘው ወደ አሰብ ጠፉ። ቆይቶ አንደኛው ባሕር ተሻገረ የሚል ወሬ መጣ። ፓስፖርት ያለው እንድሪስ ነውና ተሻጋሪው እሱ ነው፣ ታመነ ወደብ ላይ ጭነት ይሸከማል ተባለ። ማናዬም አመነች። ለካ እንድሪስ ፓስፖርቱን ለጓደኛው ሰጥቶት ኖሯል። ፎቶውን አይቶ ሁለቱን የሚለይ ሰው ከመንደሩ ውጪ አልነበረም።

ዘይቱና ዞራ አየቻት። ሦስት ቀን ባለቀሰው ዓይኗ ውስጥ ደስታ ብልጭ አለ፤ ወዲያው አፍራ ዓይኗን ሰበረች። ማናዬ አልተቀየመቻትም። እሷም በዘይቱና ቦታ ብትሆን ያው ነበረች።

እውነቱን ብትናገር ልጇ በገዛ ስሙ ይለቀስለታል፣ ፍትሐትም ይደረግለታል። እንድሪስን ግን አሰብ ላይ ለቅመው ያስሩታል። ታመነም ነገሩ እስኪጣራ እዚያ ብርድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ይህ የመጨረሻው አንጀቷን በላው። ዘይቱና ቀና ስትል ማናዬ ራሷን በትንሹ በእሺታ ነቀነቀችላት።

«ልጄ ነው» አለች ዘይቱና።

«መስቀሉስ?»

«በልጅነቱ ከጎረቤት ጋር ግሸን ወጥቶ ነው። የኛ አገር ልጅ የት እንደሚውል ማን ይቆጣጠረዋል?»

«ማን አስነቀሰው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማናዬ። «ይዤው የወጣሁትም እኔ ነኝ፣ ክንዱን የያዝኩትም እኔ ነኝ። አላለቀሰም።»

ውበቱ ብዕሩን እንደያዘ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ጻፈ። ዘይቱና «እናት» በሚለው ላይ ፈረመች፣ ማናዬ «ምስክር» በሚለው ላይ።

ጸሐፊው እንደወጣ ዘይቱና ምሰሶው ሥር ካለው የሐዘንተኛ ቦታዋ ተነሳች። ማናዬን በእጇ ስባ እዚያ አስቀመጠቻትና ራሷ ከምንጣፉ ጠርዝ፣ ጎረቤት ከሚቀመጥበት ላይ ተቀመጠች።

ከውጫሌ የመጣች፣ ሁለቱንም በመልክ የማታውቅ የሩቅ ዘመድ ገባች። እንደ ወጉ ምሰሶው ሥር ወደተቀመጠችው ሄዳ እጇን ያዘች።

«አብሽሪ እናቴ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፤ ልጅሽን ጀነት ያግባው።»

ዘይቱና አላረመቻትም።

«አሚን» አለች ማናዬ። የሴትዮዋንም እጅ አልለቀቀችም።