ጀርባውን የሰጠን ሰው

ባሌ ሐኪም ፊት እንኳ ሸሚዙን ለማውለቅ የሚያንገራግር ሰው ነበር። እሱ ነው እንግዲህ በሥዕል ትምህርት ቤት ራቁቱን ለተማሪዎች ሞዴል የሆነው። ግንባታ ላይ ወገቡን ከተጎዳ በኋላ ሌላ ሥራ አላገኘም።

"ዝም ብሎ መቆምም ሥራ ሆነና!" ብዬ አሾፍኩበት።

"እስቲ አንቺ ለአንድ ሰዓት ዝም በይና እንይሽ" አለኝ።

ፎቶ ግን ጠላቱ ነበር። "ይኼን ሁሉ እየሳሉኝ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?" ይላል። ድንገት ልቡ ቆሞ ሲሞት ቤት ውስጥ የቀረው የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ላይ ፊቱን ማኅተም በልቶታል።

ሐዘኑ ገና ሳይወጣልኝ፣ አንድ ጠዋት የአራት ዓመት ልጃችንን ፀጉር ሳበጥር፣ "እማዬ፣ አባዬ ፂም ነበረው?" አለችኝ። እጄ ቀጥ አለ። በፂሙ ጉንጯን እየፈተገ አልነበረ የሚያስቃት! ልጄ አባቷን እየረሳች ነው። እኔ ደግሞ አንድን ሰው ሁለቴ የመቅበር አቅም የለኝም።

በነጋታው ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የመጣሁበትን ስነግራቸው የሥዕል መምህሩ ትልልቅ ወረቀቶች አወጡልኝ። ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ ተሰብራ ጠማማ ሆና የቀረችው የእግሩ ጣት ሳትቀር ሁሉም የሱ ነው። ፊቱ ጋ ግን ባዶ ክብ።

"ፊቱስ?"

"እኔ ክፍል ፊት አይሳልም። ፊት ከፈቀድኩላቸው እሱ ላይ ተጥደው ገላውን ይረሱታል። ደንቤ ነው።"

"እና ይኼን ሁሉ ዓመት አንዳችሁ እንኳ ቀና ብላችሁ አላያችሁትም?"

መምህሩ የሥዕል ከሰል አነሱ። ባዶው ክብ ውስጥ ቅንድብ ሞክረው አጠፉ፣ አፍንጫ ሞክረው አጠፉ። "ዓይኑ... ጎላ ያለ ነበር?" አሉኝ። ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከሰሉን ሲያስቀምጡ አይቼ ተውኩት። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አሉ። "እያንዳንዱን ጡንቻውን አውቃለሁ። ፊቱን ግን አላውቀውም።"

ልወጣ ስል ከሥር የነበረች አንዲት ወረቀት ዓይኔ ገባች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በጎኑ ተኝቷል። ሲያኮርፍ እንዲህ ነው የሚተኛው! ተጣልተን ጀርባውን ሲሰጠኝ ትንሽ እቆይና በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል አክክለታለሁ። ሳቁን ያፍናል፣ ያፍናል፣ በመጨረሻ ሳቁ አሸንፎት ይዞራል። ልጅቷም ከእኔ ተምራ ታክክለት ነበር።

"ይኼን ይስጡኝ።"

"ከሰሉ እንዳይለቅ ነገ መድኃኒት ልርጭበትና..."

"አሁን ይስጡኝ!"

ቤት ወስጄ አልጋው አጠገብ፣ በልጄ ቁመት ልክ ለጠፍኩት። ምንም ሳልነግራት "አባዬ!" ብላ ሮጠች። ከዚያ ቆም ብላ አየችውና ዞረችብኝ።

"አኩርፎ ነው?"

"አዎ፣ የኔ እናት።"

"እከኪለታ! ይዞራል።"

ጣቴን ትከሻዎቹ መሃል አድርጌ ቀስ ብዬ አከክሁ። ከሰሉ ጥፍሬ ሥር ገባ፤ በነካሁት ቦታ ጀርባው ደበዘዘ። ቶሎ እጄን ሰበሰብኩ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ሥዕሉን ትጠብቃለች።

"በደንብ እከኪለት እንጂ" አለችኝ።