የወደቀው አጽም

"ክንዱን ገልብጠሽ ነው የሰቀልሽው!" አለች ወሰንየለሽ፣ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ። "እንዲህ ያለ ክንድ ያለው ሰው ጂንካ ውስጥ አላየሁም።"

የባዮሎጂ መምህርቷ ፈቲያ የፕላስቲክ አጥንቱን እንደያዘች ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከአንድ ሰዓት በፊት ወሰንየለሽ ቤተ ሙከራውን ስትወለውል መስቀያውን ገፋችውና የማስተማሪያው አጽም ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። በወላጆች መዋጮ የተገዛ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጎሳዬ የዚህን ክፍል ዕቃ የጣለ ሠራተኛ በማግስቱ እንዳይመጣ በስብሰባ ተናግሯል። አሁን ደግሞ ከዞን የመጡ እንግዶችን ይዞ አራት ሰዓት ላይ ሊገባ ነው።

"አጥንቶቹ ላይ ያለው ቁጥር ተፋፍቋል፣ እማማ። የመጽሐፉም ሥዕል ትንሽ ነው።"

"መጽሐፉን ተዪውና ክንድሽን አምጪ።" በገዘር መንገድ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ሁሉ ለመታሸት የሚመጣው ወደዚህች ወጌሻ እጅ ነው። "መዳፍሽን ገልብጪ። መልሺ። በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ዞረ፤ ያኛው ክርንሽ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። አንቺ ዟሪውን በትንሿ ጣት በኩል ሰክተሽዋል። በዚህ እጅ ጉርሻ አፍ አይደርስም።"

ፈቲያ ሳቀች። "ራዲየስና አልና ይባላሉ።"

"ስማቸውን አንቺ ጥሪ፤ እኔ ቦታቸውን ላስይዝ።"

የጎን አጥንቶቹን እየዳሰሰች ደረደረች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥንዶች ከፊት ሳታያይዝ ተወቻቸው።

"ለልብና ለሳንባ አጥር ናቸው" አለች ፈቲያ።

"የሚተነፍስ አጥር ነው። ጠፍሮ የሚያስር ሞኝ ወጌሻ ሰው ያፍናል።"

"ደምም የሚሠራው አጥንት ውስጥ መሆኑን ያውቃሉ?"

"እሱን ካንቺ ሰማሁ። ጭኑ የተሰበረ ሰው ግን አመድ ሲመስል አይቻለሁ። እሱን አልነካም፤ ሆስፒታል ነው የምሰደው።" ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቱን አዞረች። "ይሄ እግር ደግሞ ከመጀመሪያውም ጠማማ ነበር። በወለወልኩ ቁጥር ያናድደኛል።"

የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ከውጭ ድምፅ ተሰማ።

"እማማ፣ በአላህ ዝም ይበሉ። ሲወድቅ ማንም አላየም።"

ወሰንየለሽ ባልዲዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ትምህርት ቤት ነው፤ የልጅ ልጇን የምታስተምረውም በዚሁ ደመወዝ ነው። ዝም ማለት አያቅታትም።

ጎሳዬ እንግዶቹን አስከትሎ ገባ፤ አጽሙን ከላይ እስከ ታች አየው።

"እግሩ ተቃንቷል! ጎበዝ፣ ፈቲያ። የተማረ እጅ ያስታውቃል።"

ፈቲያ አቀረቀረች። ወሰንየለሽ አንድ እግሯ ደጅ ነበር። መለሰችው፤ ባልዲውንም መሬት አስቀመጠች።

"የጣልኩት እኔ ነኝ" አለች። "የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ይሄ እጅ ደግሞ ፊደል አልቆጠረም።"