ያልደረቀው በር

ቫርኒሹ ለምን አልደረቀም?

ፈንታው ጣቱን ከአዲሱ አዳራሽ በር ታችኛው ጥግ፣ ሰው ከማያየው ቦታ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ አነሳው። ጣቱ ተያዘ፤ ትንሽ ቆይቶ ለቀቀ። የተቀባው ከትናንት ወዲያ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ቅብ በአንድ ቀን ደርቆ ነበር፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። የቫርኒሹ ቆርቆሮ ያው ነው፣ እንጨቱ ያው ዋንዛ ነው፣ ነፋሱም ያው የኅዳር ነፋስ ነው። ሦስተኛው ቅብ ብቻ እንደ ማር ተጣብቆ ቀረ።

«ምነው፣ እንቢ አለህ?» አሉ አያ አረጋ። በሩን የሠሩት አናጢ ናቸው። ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እንቢ አለኝ አያ።»

«አራት ዓመት ባሕር ማዶ የተማርኸው ይኸን አልነበር? እኔ በተልባ ዘይት አሽቼ ብተወው ይኸኔ እንግዶቹ ፂማቸውን ይላጩበት ነበር።»

«እንዲያብረቀርቅ ነው የተፈለገው።»

«አብረቅርቋል እኮ! ዝንቦቹም ወደውታል።» አያ አረጋ በሩ ላይ ተጣብቀው የሚንፈራገጡትን ሁለት ዝንቦች በከዘራቸው አመለከቱ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ጠየቁ፤ «የወንድምህ የጋሻዬ ነገርስ? ምን አሉህ?»

ፈንታው አንዱን ዝንብ በጥፍሩ ጫፍ ከበሩ አላቀቀ።

ፈንታው የተማረው ኦዴሳ ነው፤ የጀልባ እንጨት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት። ሲመለስ ምጽዋ ይመደባል ተብሎ ነበር። የምደባው ወረቀት ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲላክ ስምንት ወር አለፈ፤ እሱም ላሊበላ፣ እናቱ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰፈሩ «መርከቤ» ብሎ ሰይሞታል። ተከዜ ላይ መርከብ የሚያቆመው መቼ እንደሆነ ያልጠየቀው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን እሱም ራሱን ይጠይቃል። ሰው ከሙጃና ከፍላቂት በረኃብ ተነቅሎ በመንገዱ ዳር ሲወድቅ፣ የእሱ እጅ የሚያውቀው እንጨት እንዲያበራ ማድረግ ብቻ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ በሁለት ሳምንት ተሠርቶ፣ ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ባሉበት ዛሬ ይመረቃል። ጓድ ምስጋኑ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ የቫርኒሹን ቆርቆሮ ባስረከበው ጊዜ እንዲህ ብሎት ነበር፤ «በሩ ያብረቅርቅልኝ። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ይመለሱ። የወንድምህን ነገር እኔ አየዋለሁ።» የታናሽ ወንድሙ የጋሻዬ ስም ወደ መተከል ለሰፈራ በሚሄዱት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የእናታቸውን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው፤ በሬዎቹ ስለሞቱ ግን አራሽ ተብሎ አልተቆጠረም። መኪናው የሚነሳው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። «አየዋለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፈንታው ሌሊቱን ሲያገላብጠው አደረ። ሌላ የሚይዘው ቃል ግን አልነበረውም።

«ብሩሹን ልይ» አለና ተነሣ።

ቤት ሲደርስ እናቱ የሺሃረግ፣ ደጃፉ ላይ ባዶ የገብስ ጆንያ ገልብጣ ታራግፋለች። ከስፌቱ ውስጥ የወጡትን አምስት ስድስት ፍሬዎች በመዳፏ ሰብስባለች።

«ደግሞ ልትቀባ ነው?» አለች።

«የለም እማ፣ ልያት ብዬ ነው።»

ብሩሿን ከቆጡ ላይ አወረዳት። የኦዴሳው መምህሩ፣ ጣቶቹ ቡናማ የሆኑ ሽማግሌ፣ ከሃያ ብሩሽ መካከል የመረጠለት ናት። ጸጉሩን መዳፉ ላይ ተጭኖ እንዴት ተመልሶ እንደሚቀና አሳይቶታል፤ ጎትቶም አንድ እንኳ እንደማይነቀል። ቀለም ነክቶ የሚያውቅ ብሩሽ ለቫርኒሽ አይሆንም ብሎታል። ሥራ ስትጨርስ በላምባ እጠባት፣ ጸጉሯን አቅናና በወረቀት ጠቅልላት፤ ሁለት ቀንም ብታድር መልሰህ ሳታጥባት ሥራ እንዳትጀምር። ፈንታው የመጨረሻዋን ብቻ ሳይፈጽም ቀርቷል። ከትናንት ወዲያ በከተማው ላምባ ጠፍቶ ነበር፤ የእናቱም ኩራዝ ባዶ ነበር።

ወረቀቱን ፈታ። ጸጉሩ ለስላሳ ነው። ያን ጠዋትም እንዲህ ለስልሶ አግኝቶት፣ የእጄ አያያዝ ነው ብሎ ኮርቶ ነበር። አሁን ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከላምባውና ከቫርኒሹ ሥር ሌላ ሽታ አለ። በልጅነቱ እናቱ ትከሻ ላይ ሲተኛ የሚያውቀው ሽታ ነው።

«እማ፣ ይችን ነክተሻት ነበር?»

የሺሃረግ ፈገግ አለች። «አወቅኸው? ያን ሰሞን ባወርዳት ላምባው አድርቋት ገለባ መስላ። እንዶድ ወቅጬ አጠብኋትና ከቅሉ ሥር የቀረችኝን ቅቤ ቀባኋት።»

«ቅቤ?»

«ለጋሻዬ ራስ ያስቀመጥኋት ናት። እሱው ነው፣ ለብሩሿ ይሁን፣ በሩ ካማረ ያስቀረኛል ያለኝ። ያባትህን የዝንብ ጭራ ሃያ ዓመት ያቆየሁት በምን ይመስልሃል? የፈረስ ጸጉር ቅቤ ካላገኘ ይሰባበራል።»

ፈንታው ወረቀቱን መልሶ ጠቀለለ። የፈረስ ጸጉር ነው ያላት እሱ ራሱ ነው። የመጣ ዕለት «የምን ጸጉር ነው?» ስትለው፣ የአሳማ መሆኑን ቢነግራት ብሩሿ ከደጃፍ እንደማታልፍ ስላወቀ «የፈረስ ጭራ ነው» ብሏት ነበር። እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ በጣቷ ቀርቶ በእንጨትም አትነካትም ነበር።

«ጥሩ አደረግሁ?» አለች የሺሃረግ።

«ጥሩ ነው እማ» አለና ወጣ።

ወደ አዳራሹ እየሮጠ ሲደርስ አያ አረጋ ከደረጃው ተነሥተው ነበር።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ይድናል?»

«እስከ ሁለተኛው ቅብ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ነው። ሦስት ቀን።»

አያ አረጋ ወደ መንገዱ አዩ። የእንግዶቹ ሁለት ላንድሮቨሮች አቧራ እያስነሡ ጠመዝማዛውን ይወጣሉ። ፈንታው በሩን ከሥሩ በእግሩ ገፍቶ ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ተመልሶ እንዳይመጣም ድንጋይ አስደገፈው። እንዲህ ከሆነ ማንም አይነካውም፤ ዝም ብለው ይገባሉ።

«ዝጋው እንጂ!» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ጓድ ምስጋኑ ነው። «ፊቱን ሳያዩት ይግቡ እንዴ? ለምን አሠራነው?»

«ጓድ፣ አልደረቀም።»

«ምን ማለት ነው አልደረቀም? ያብረቀርቅ የለም?»

«ያብረቀርቃል። ግን…»

«ዝጋው ብዬሃለሁ።»

ፈንታው ድንጋዩን አነሣ። በሩ ተዘጋ። የቀትር ፀሐይ አረፈችበትና ዋንዛው እንደ ውሃ አበራ። ፈንታው እንዲህ ያማረ ሥራ ኦዴሳም ሠርቶ አያውቅም።

የእንግዶቹ አለቃ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ነው። ከደረጃው ላይ ቆሞ በሩን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይህ እዚሁ ነው የተሠራው? በእውነት የሚደነቅ ነው» አለ፤ ሙሉ መዳፉንም በሩ ላይ አሳረፈ።

እጁን ለማንሣት ሁለት ጊዜ መሳብ ነበረበት። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሰውየው መዳፉን አየ፣ ጣቶቹን አጣብቆ አላቀቀ፣ መሐረብ ጠየቀ። በሩ ላይ አምስቱ ጣቶች ከነመስመራቸው ታትመው ቀሩ። ጓድ ምስጋኑ መሐረቡን ሲያቀብል ወደ ፈንታው አልዞረም። ከዚያም በኋላ አልዞረም።

ስምንት ሰዓት ላይ ከገበያው በስተጀርባ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ጋሻዬ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ መኪናው ላይ ከሰዉ መሐል ቆሟል። ሚሊሻዎቹ ሴቶቹን በገመድ ከልለዋል፤ የሺሃረግ ከገመዱ ወዲህ ናት። ፈንታው ጓድ ምስጋኑን መዝገብ ይዞ አገኘው።

«ጓድ፣ የወንድሜ ነገር…»

«የትኛው ወንድምህ?» አለ ምስጋኑ፤ ገጹንም ገለጠ።

ከመኪናው ላይ ጋሻዬ ጮኸ፤ «መርከቤ! በሩ ደረቀ ወይ?»

ፈንታው አፉን ከፈተ። ሰዉ ሁሉ የሚያየው መሰለው።

«ሊደርቅ ነው!» አለ።

«እንግዲያ ቶሎ እመለሳለሁ!» ጋሻዬ ሳቀ፤ መኪናውም ሄደ።

ሲመለሱ የሺሃረግ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ከደጃፋቸው ሲደርሱ ቆመች።

«አያ አረጋ በሩ ተበላሸ አሉኝ። በእኔ የመጣ ነገር አለ ልጄ?»

«የለም እማ። ብርዱ ነው።»

«ብርዱ ነው?»

«ብርድ ሲሆን አይደርቅም።»

በማግሥቱ ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀመጠ። እናቱ ከጎኑ ሆና ትነግረዋለች፤ «እንደምን ሰነበትህ በልልኝ። ውሃው እንዴት ነው በልልኝ። ራስህን ሸፍን በልልኝ።» እሱም ሰላምታዋን ጽፎ ከሥሩ እንዲህ አከለ፤ «ጋሻዬ፣ በሩ አልደረቀም። ቅቤ ነክቶት ነው። እማ አታውቅም፤ አንተም እንዳትነግራት። የብሩሿን ጸጉር የፈረስ ነው ብዬ ዋሽቻት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያለህበትን ጻፍልኝ፤ የመርከቡን ሥራ ትቼ እመጣለሁ።»

«አንብብልኝ» አለች የሺሃረግ።

ሰላምታውን ብቻ አነበበላት። እሷም ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ካነበበላት እንደሚበዛ እያየች፣ «አሳምረህ ጽፈሃል» አለች።

ፖስታው ላይ «ለጋሻዬ ወልደ ሩፋኤል፣ መተከል» ብሎ ጻፈ። የሰፈራ መንደሩን ቁጥር የሚያውቅ አልነበረም። ለሚቀጥለው መኪና ሾፌር ሰጠው፤ ሾፌሩም ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ከመቀመጫው ሥር አስገባው።

በሩ በታኅሣሥ መጨረሻ ከነመዳፉ ደረቀ። በየካቲት ፈንታው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። በሚያዝያ ሦስተኛ። የሺሃረግ መኪና በመጣ ቁጥር ወጥታ ሾፌሩን ትጠይቃለች። መልስ አልመጣም።