ትራምፔት እንጂ ጥሩምባ አይደለም

ልጄ ዓለምነው ዐሥራ አራት ዓመት አዲስ አበባ በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ኖሮ፣ በሚሊኒየሙ ዓመት ሐምሌ ላይ ወደ እኔ ወደ ጎንደር መጣ። ማራኪ ሰፈር ያለው ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መምህር ሊቀጥር ነው። ፈተናው ሐሙስ፣ ተመዝጋቢው ሰባት፣ የሚፈለገው አንድ። ይህን ሲነግረኝ ለስድስቱ ከልቤ አዘንኩላቸው።

ማክሰኞ ማለዳ ጓሮ ቆሞ አንድ ረጅም ድምፅ ለቀቀ። ከንፈር ማሟሟቂያ ነው ይለዋል። ሳይጨርስ የግቢዬ በር ሊገነጠል ደረሰ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ። ጎረቤቴ ውቢት ከፊት ሆና ደረቷን ትደቃለች፤ ስሜን እየጠራች «የትነበርሽዬ! ትናንት እንኳ ሰድበሽኝ ነበር!» ትላለች። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው የእድር ሰው ነው፤ እሱም ሰው ሲሞት ብቻ።

ወጣሁ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

ውቢት እጇ ደረቷ ላይ እንደቀረ፣ «አንቺ!» አለችኝ።

«እኔማ አንቺን ሳልቀብር የትም አልሄድ!»

ሳቁ ሳያባራ የእድሩ ዳኛ አያ እንኳየሁ በዱላው መሬቱን መታ።

«የትነበርሽ፣ ጥሩምባ መጫወቻ አይደለም። ዛሬ በውሸት ከተነፋ ነገ ሰው በእውነት ሲሞት ማን ይወጣል?»

«ጥሩምባ አይደለም አያ፣ ትራምፔት ነው» አለ ልጄ አንገቱን ደፍቶ።

«ስሙን ብታቆላምጠው ምን ሊጠቅም!»

ልጄ መሣሪያውን ወደ ሣጥኑ ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት።

«አያ እንኳየሁ፣ እስከ ሐሙስ ይንፋ። ከተቀጠረ የመምህር ሥራ ነውና ድምፁን ትችሉታላችሁ። ካልተቀጠረ እኔን ከእድሩ ሰርዙኝ።»

ከእድር የተሰረዘ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። እኔ ደግሞ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው።

«ሰው ይመስክር» አለ አያ እንኳየሁ።

«ይመስክር! ውቢትም እንባዋን ጠርጋ ትመስክር።»

ሐሙስ አብሬው ሄድኩ። ዘበኛው «እማማ፣ የሚገባው ተፈታኝ ብቻ ነው» ቢለኝ፣ «ተፈታኙን የወለደው ማን ሆነና?» ብዬው አለፍኩ።

ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ልጄ የመጨረሻው ነበር። የዜማውን ወረቀት አይቶ ነፋ፤ ጸጉሬ ቆመ! ግን እውነቱን ልናገር፣ ከእሱ በፊት የገቡትም ሸጋ አድርገው ነፍተዋል።

ከዚያ መነጽር ያደረገችው መምህርት፣ «መንፋትህን ሰማን፤ አሁን ማስተማርህን አሳየን። መሣሪያውን ነክቶ የማያውቅ ሰው ፈልግና በዐሥር ደቂቃ ድምፅ አስወጣው» አለችው። ክረምት ነው፣ ተማሪ የለም። ዘበኛውን፣ ጸሐፊዋንና አትክልተኛውን ሌሎቹ ተፈታኞች ሞክረውባቸው ከነፋስ በቀር የወጣ ነገር የለም። ልጄ ዓይኑን ሲያዞር እኔ ላይ ዐረፈ።

«እማዬ፣ ነይ።»

«እኔ? ጥርሴ አልቋል እኮ!»

«ከንፈርሽ ይበቃል። እሱማ ደኅና እንደሆነ ሰፈሩ ይመሰክራል።»

መሣሪያውን ቶሎ አልሰጠኝም። «ከንፈርሽን ግጠሚና እንደ ንብ አርገብግቢው» አለኝ። ከንፈሬ እምቢ አለኝ። «ጉንጭሽን አትንፊ። ውቢት በበርሽ ስታልፍ እንደምታደርጊው ከንፈርሽን ጨምቂው።» ያን ጊዜ ገባኝ! ከንፈሬ ዝዝዝ አለ። ትራምፔቱን አፌ ላይ አደረገልኝና «አሁን ከሆድሽ» አለኝ።

ነፋሁ። ነፋስ። ደገምኩ። ነፋስ። በሦስተኛው፣ እናንተዬ! ወጣ! እንደ ወይፈን የሚያገሳ፣ መስኮቱን ያርገፈገፈ ድምፅ! መምህርቷ ብድግ ብላ አጨበጨበች፤ ሌሎቹ ሁለቱም ተነሡ።

«እማማ፣ ስንት ዓመት ተማሩ?»

«ዛሬ ጀመርኩ።»

ሦስቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። እኔ ትራምፔቱን እንዳቀፍኩ ጠበቅኩ። መምህርቷ ቀና ብላ ልጄን አየችው።

«መስከረም ላይ ትጀምራለህ።»

ልጄ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«አምጪ እማዬ፣ ወደ ሣጥኑ ልክተተው።»

«ቆይ እስቲ፣ ገና አሁን መጣልኝ» አልኩትና እንደገና ወደ አፌ አነሣሁት።