ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተበት ቀን

ልጄ ሰሚሃ ሥራዋን ለእኔ ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በኢንተርኔት ስለሚካሄድ የቼዝ ጨዋታ ሲጠየቅ ከራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። መሣሪያዎች ተሰጥተውታል፤ አንዱ ስለ ተጫዋቹ መረጃ ያመጣል፣ ሌላው የወሩን ጨዋታዎች ይሰበስባል። እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አጭር መግለጫ አለው። ረዳቱ መግለጫውን አምኖ ይመርጣል፣ አምኖ ይመልሳል። የሰሚሃ ሥራ መግለጫው እውነት መናገሩን እየፈተሸች ከአምስት ነጥብ መስጠት ነው።

«መግለጫው ቢዋሽስ?» አልኳት።

«ረዳቱም አብሮ ይዋሻል። ሳያውቅ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን አልወደድኩትም። መቼም እኔ የምወደው ነገር ጥቂት ነው። የከተማችን ሐይቅ ላይ ደመና በጠቆረ ቁጥር ጀልባ የተገለበጠ የሚመስለኝ ሴት ነኝ።

ወንድሟ ሙዓዝ መስከረም ላይ በባቲ በኩል ወርዶ ባሕር ሊሻገር ሄደ። ቼዝ ያስተማራት እሱ ነው። ኅዳር ውስጥ ከባሕሩ ዳር ደወለልን። «አብሽሪ እማ፣ ነገ እንሻገራለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ድምፁ የለም።

መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሰሚሃ አንዱን መሣሪያ ለመፈተሽ የተጫዋች ስም አስፈለጋት። ወንድሟ ቼዝ የሚጫወትበትን መለያ ስም አስገባች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። መግለጫው «ተጫዋቹ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተበትን ቀን ያሳያል» ይላል። ረዳቱም መለሰ፦ «ይህ ተጫዋች ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው ትናንት ነው።»

ሰሚሃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምስሩ ከጭኔ ላይ ተደፋ።

እሷ ለመሣሪያው አምስት ከአምስት ሰጠች። እኔ ደግሞ ለሐሙስ ወዳጃ ጠራሁ። በእኛ አገር የምሥራች የሰማ ሰው ብቻውን አያመሰግንም፤ ጎረቤቱን ሰብስቦ ዱዓ ያስደርጋል። ልጄ አለ ብዬ ከገበያው እስከ ሐይቁ ዳር ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አድርጌ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤቴ ስህን ትልቁን ድስቷን ተሸክማ ከሁሉም ቀድማ መጣች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ጥርስ እንዳለሽ ዛሬ ገና አየሁ» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ድስቱን አስቀምጪ።»

«ዛሬማ ዝም አልልም። ጎሮሮዬ እስኪዘጋ አሚን ነው የምለው። ገብርኤልም አብሮ ይስማ።»

ሰው እየሞላ ሳለ ሰሚሃ ከጓዳ ተጣራች። «እማ፣ ነይ እስቲ። በሩን ዝጊው።»

በሩን ዘግቼ አጠገቧ ቆምኩ። ያን ዕለት የምትፈትሸው የወሩን ጨዋታዎች የሚሰበስበውን መሣሪያ ነበር። የወንድሟ ጨዋታ ናፍቋት ስሙን እንደገና አስገብታለች።

«የመጋቢት ጨዋታ የለም» አለች። «የየካቲትም፣ የጥርም። የመጨረሻው ኅዳር ላይ ነው።»

«እሑድ ተጫውቷል አላለም እንዴ?»

«ያ መሣሪያ የሚያመጣው መለያው ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበትን ቀን ነው። ‹የተጫወተበት› ብሎ የጻፈው መግለጫውን ያዘጋጀው ሰው ነው። እኔም ደስ ሲለኝ ሳልፈትሽ አምስት ሰጠሁት።»

«ታዲያ ከፈተው አይደል? አለ ማለት ነው።»

«እማ፣ ሙዓዝ ቼዝ ከፍቶ አንድም ሳይጫወት ይዘጋል? ባየሁት ቁጥር ተከፍቷል። አሁንም ክፍት ነው።»

የልጄ ስልክ በማን እጅ እንዳለ አልጠየቅኳትም። አራት ወር ሙሉ በሐሳቤ ያየሁት የባዕድ እጅ ነው።

«ጨዋታ ጋብዢው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና ላከች። ቢስሚላሂ ብዬ ሳልጨርስ ግብዣው ተቀባይነት አገኘ።

ሙዓዝ ጨዋታ የሚጀምረው ሁልጊዜ በፈረስ ነው። «ወታደር ተራውን ይጠብቅ» እያለ እህቱን ያበሽቃት ነበር። ሰሚሃ ቀድማ ተጫወተችና ጠበቅን። ከወዲያ በኩል ጥግ ላይ ያለው ወታደር አንድ እርምጃ ተገፋ። ቀጥሎም ያው ወታደር። በሦስተኛውም ያው ወታደር።

«ይሄ ሰው ጨዋታውን አያውቀውም» አለች በሹክሹክታ። «እንዳንሄድበት ብሎ ነው የሚነካካው።»

ደጅ ዱዓው ተጀምሯል። ሽማግሌው ስለ ልጄ በሰላም መሻገር ሲያመሰግኑ ይሰማኛል፤ ሕዝቡ አሚን ሲል የስህን ድምፅ ከሁሉም በላይ ይወጣል። ወጥቼ አቁሙ ልላቸው አሰብኩ። ምን ብዬ ነው የማስቆማቸው?

ከቼዙ ሰሌዳ ሥር ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ሰሚሃ ድምፅ ሳታወጣ አነበበችው፣ ከዚያ ዓይኗን ሳትነቅል ለእኔ አነበበችልኝ።

«የሙዓዝ እናት አጠገብሽ ናት?»

ዕድሜዬን ሙሉ ክፉውን ሳይመጣ ወጥቼ ስቀበለው ኖሬያለሁ። ደጉን ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት እነዚህን ሦስት ቀናት ብቻ ነው።

«ምን ልበል?» አለችኝ። 

ከደጅ አሚን አሉ።

«አለች በይው» አልኳት።