የጸሎት ቤቱ ቁልፍ

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ሽበሺ የካምባ ወረዳ አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሾም፣ በአርባ ምንጭ የታሪክ መምህር ሳለ ሲያብሰለስለው የኖረ ጥያቄ ሥጋ ለብሶ ቀረበው፤ ልበ ቅን ሰው ገደብ የሌለው ሥልጣን ቢይዝ ምን ይሠራበታል? በወረዳው ቃሉን የሚሽር አልነበረም። ማሰርም መፍታትም በእጁ ነው። እርሱ መፍታትን መረጠ።

ስለዚህም አንድ ቅዳሜ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው አስተዳዳሪ ያሸገውን የጸሎት ቤት ቁልፍ ይዞ ወደ ምእመናኑ ሽማግሌ ወደ አቶ ኦይታ ቤት ወጣ። አዛውንቱ ጓሮ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት፤ ባለቤታቸው ዘሪቱ እንሰት ይፍቁ ነበር።

«ነገ ገብታችሁ ዘምሩ፤ ማንም አይነካችሁም» አለ ቁልፉን ዘርግቶ።

ኦይታ ቁልፉን አዩት እንጂ እጃቸውን አላነሡም። «እግዜር ይስጥልን፣ ጓድ። እርስዎ ሲዛወሩስ?»

«እኔ እስካለሁ ድረስ...»

«እሱን እኮ ነው የምልዎ።»

ዘሪቱ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ ጣልቃ ገቡ። «የፊተኛውም ደግ ሰው ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ዘምሩ አሉን። ኋላ አንድ ሰኞ ተቆጡ። በዚያ በር የሚገባውን ሁሉ ለይተው ስላወቁት፣ ለመያዝ አልተቸገሩም።»

የሽበሺ ፊት ጋለ። ፈላስፋው የሮም ንጉሥ ማርቆስ አውሬሊዮስ ዓለምን በጥበብ ገዝቶ ዙፋኑን ለጨካኝ ልጁ እንዳወረሰ ስንት ጊዜ አስተምሯል። ሁልጊዜ ግን ያዝን የነበረው ለደጉ ንጉሥ ነበር፤ ወራሹን ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቀው ሕዝብ አስቦ አያውቅም።

«ክፈቱ ብዬ ባዝስ?» አለ ሳያስበው።

የዘሪቱ እጅ ባለበት ቆመ። ሽበሺ የገዛ ድምፁን ሰማው። የፊተኛው አስተዳዳሪ የዚያች ሰኞ ድምፅም ከዚህ የራቀ አልነበረም ይሆናል።

«ካዘዙማ እንከፍታለን» አሉ ኦይታ ቀስ ብለው። «ማን እምቢ ይላል?»

ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። «ታዲያ ምን ላድርግላችሁ፣ አባቴ?»

«የት እንደምንዘምር አይጠይቁን።»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ ጎርፍ የናደውን መንገድ ሊያይ ከሚሊሻው ከገነነ ጋር ሲወርድ፣ ከእንሰቱ ጀርባ የታፈነ የብዙ ሰው ዝማሬ መጣ። ደነገጠ። ገነነ ሰምቶ እንደሆነ በዓይኑ ጠርዝ አየው።

«ነፋሱ ዛሬ በረታ» አለ።

«አዎ፣ ጓድ» አለ ገነነ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው እያዛወረ። «እሑድ እሑድ ይበረታል። የሚነፍሰውም በጋሞኛ ነው።»

ሚሊሻው ያውቃል ማለት ነው። ምናልባት ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የተደበቀው ከእርሱ ብቻ ነው፣ የፈለገውን ማድረግ ከሚችለው። ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ጨብጦ፣ ማን ማን እንደሚወጣ እንዳያይ፣ መዝሙሩ ሳያልቅ ለማለፍ ርምጃውን አፈጠነ።