የስምንት ቁጥር ቀኝ ጎን

…እና እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፣ ፈርሚ እንጂ ልጄ ይሉኛል ዶክተር፣ የነብር ቆጠራን ከተማሪነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ ኃላፊዬ፣ ፊርማዬ ከሁለት ፊደል አይበልጥም፣ ሁለት ፊደል ምን ያቅተኛል፣ በመስኮቱ በኩል ሾፌሩና ሽማግሌው ጠባቂያችን የብረት ወጥመዱን ፒካፑ ላይ እያሰሩ ነው፣ አምስት እንስት ነብሮች አሉን ይላል ወረቀቱ፣ አምስት ካሉ አንዷ ተይዛ ነብር ወዳለቀበት ጫካ ትዛወር፣ አራት ከሆኑ አንዲትም አትነካ፣ ደንቡ ይኸው ነው፣ የምትሄደው ሦስት ቁጥር ናት፣ አምስት ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አራት ናቸው።

አራት፣ አምስት ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩት ቁጥር፣ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩት፣ ደግሞ እናቴ ስለ ነብር ምን አገባት።

ነብር የሚለየው በጎኑ ነጠብጣብ ነው፣ ግራው ከቀኙ አይመሳሰልም፣ ስለዚህ አውሬ ሲያልፍ በራሳቸው የሚያነሱት ካሜራዎቻችን በነብሮቹ መንገድ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታሰራሉ፣ ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ግን ከምንጩ አጠገብ የአንዱ ባትሪ ሞተ፣ ከገደሉ ሥር የሌላው፣ አንዱ ቦታ ግራ ጎን ብቻ ተነሳ፣ ሌላው ቦታ ቀኝ ጎን ብቻ፣ ቁጥር የምንሰጠው ወንድ ሴት ሳንለይ በተራ ነው፣ እኔ ሞኟ ግራውን ሦስት አልኩት፣ ቀኙን ስምንት፣ ሁለት ነብር፣ ዶክተር አዳራሽ ውስጥ ቆመው አምስት እናቶች አሉን ብለው አስጨበጨቡልኝ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ በዓመቱ ሁለቱም ካሜራዎች በአንድ ሰከንድ አነሷት፣ ግራዋ ሦስት፣ ቀኟ ስምንት፣ አንዲት ነብር፣ አንድ ጅራት፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ቢሆንም ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ነገ እነግራቸዋለሁ። በማግስቱ እሳቸውን ጉንፋን ያዛቸው፣ ከዚያ ሪፖርቱ ታተመ፣ ከዚያ እድገት ሰጡኝ፣ እድገት ለሰጠ ሰው ምን ተብሎ ይጀመራል፣ ዝም አልኩ፣ ከዝምታም አለፍኩ፣ በየዓመቱ ጥንዱን ፎቶ እየነጣጠልኩ ግራውን ለሦስት ቀኙን ለስምንት አካፍላለሁ፣ ጠባቂው የካሜራ ካርዶቹን ሲያመጡልኝ ይቀልዱብኛል፣ ስምንት ቁጥርሽ እንዴት ናት እናቴ፣ እኔ እንኳ ዱካዋን አይቼ አላውቅም፣ ዓይናፋር ናት፣ አንቺን መሰለች ይሉኛል፣ እስቃለሁ፣ አንዲት ነብር በወረቀት ብትተርፍ ማንን ትበላለች እል ነበር።

ዘንድሮ የተወለደችው ደቦል ናት ጉዴን ያመጣችው። ገና ቁጥር የላትም፣ ብዙዎቹ ስለሚሞቱ ዓመት ሳይሞላቸው አንሰጥም፣ የእናቷን ጅራት ልትይዝ ስትዘል ነው የተነሳችው፣ አራቱም እግሯ አየር ላይ፣ የታየችው በቀኙ ካሜራ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በእኔ መዝገብ የስምንት ልጅ ናት፣ ስለዚህ ሦስት ልጅ የላትም፣ ስለዚህ ዶክተር በደግነታቸው፣ እናት ከልጇ እንዳትለይ ብለው፣ ልጅ የሌላትን መረጡ።

ሦስትን።

ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? አይ ዶክተር፣ ደህና ነኝ፣ አይ፣ ደህና አይደለሁም፣ ውጭ ብረቱ ይንኳኳል፣ ስምንት ቁጥር የለችም። ምን? የለችም ዶክተር። ሞተች? አልሞተችም። ታዲያ የት ሄደች? የትም፣ ሦስት ራሷ ናት፣ ቀኝ ጎኗ ናት፣ እጄ ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያደርጋል፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሰከንድ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፣ ደቦሏስ? የሦስት ናት። ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ? አምስት ዓመት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ፣ አትውጥም፣ የቢሮው ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ይነሳሉ፣ የሚያባርሩኝ መሰለኝ፣ መስኮቱን ከፈቱት፣ ወጥመዱን አውርዱት! ኧረ ዶክተር፣ አሁን አስረን ጨረስን እኮ፣ ወገባችን ተቆረጠ! ፍቱት አልኩ፣ አንድም ነብር አይሄድም፣ ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወንበር ሳቢ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረን እያንዳንዱን ፎቶ እናያለን፣ የተናገርኩትንም በየቢሮው ዞሬ አስተባብላለሁ፣ አንቺም አብረሽኝ ትዞሪያለሽ፣ ድምፃቸው ደክሟል፣ ጀርባቸው ጎብጧል፣ ያጎበጥኩት እኔ ነኝ።

እሺ።

እሺ እላለሁ፣ ወንበሩን እስባለሁ፣ ደቦሏ ዓመት ሲሞላት ስምንትን እንስጣት ይሉኝ ይሆናል፣ አይሆንም እላለሁ፣ ስምንት ባዶ ትቀመጥ፣ ከሰባት ወደ ዘጠኝ ለምን ተዘለለ የሚል ሁሉ እኔን ይጠይቅ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጠባቂው ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ፣ ምን ተገኘ እናቴ፣ ዓይኔ ወደ ወለሉ ሊወርድ ይላል፣ አላወርደውም፣ ጋሼ፣ ስለዚያች ዓይናፋር ነብር ልንገርዎት…